ቁናው ይቅደም

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ የካቲት ሊሰናበት፣
የስጋ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲበተን ወደየቤት፣
ሹራብና ሱሪው በየማሽኑ ሆድ ሲዞር፣
እኔና አስናቀ፣ የእህቴ ባል፣ ከባንኮኒው ኋላ
ተቀምጠናል፣ ስለ ሁለተኛ ሱቅ ልንመክር።

ከጥጉ ቆሟል ያ ማድረቂያ፣
ዓምና የገዛነው የሻጩን ሳቅ አይተን፣
«ለእናንተ ስል ነው» ሲለን፣ እኛም እሺ ብለን።
አንድ ወር አደረቀ፤
ከዚያ ራሱ ደረቀ።
ጌታ የሌለው ካልሲ ማደሪያ ሆኖ ቀረ፣
ከሱ የሚዞር ነገር ዕዳው ብቻ ነበረ።

«ሜዲስን ሃት ቤት ተገኝቷል፣ ኪራዩ እንደ ነጻ ነው፤
ነገ ሄደን እንየውና፣ ካማረን እንፈርም» አለ።
«እንየው፤ ግን ዛሬ ማታ፣ ገና ዓይናችን ሳያየው፣
ምን ካለው እሺ፣ ምን ካጣ እምቢ እንደምንለው
እንጻፈው።»

አባቴ ሰፋሪ ነበር፣ እህል በረንዳ፤
እኔም ሰፋሪ ሆንኩ፣ በዚህ በሰው ሜዳ፤
ቃሉ አንድ፣ ሥራው ለየቅል።
«ጆንያው ሳይፈታ» ይለኝ ነበር፣ «ቁናሽን ፈትሺ፤
እህሉን ካየሽ ወዲያ ዓይንሽ ነው የሚሰፍር፣
ዓይን ደግሞ ወለል የለው፣ ጠግቦ አያድር።»

በሳሙና ደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ ጀመርን።
ዓመት ሙሉ ሳንቲም ባያስገባ እንኳን፣
የትርሲት ደሞዝ ሳይዛነፍ ይከፈላል ወይ? ይሄ የኔ።
ቧንቧው ስንት ዓመቱ ነው? ይሄ የሱ፤
ሰው የወዳጁን ልጆች ደኅንነት እንደሚጠይቀው፣
እሱ የሚጠይቀው ስለ ቧንቧ ነው።

ሦስተኛው ግን አጨቃጨቀን እስከ እኩለ ሌሊት፦
መኪና የሌላት እናት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ፣
ከነልጇ ከነፌስታሏ፣ በእግሯ ትደርሳለች ወይ?
«ይሄ ንግድ ነው ወይስ ጽድቅ?» አለኝ፣ ፊቱ ጠቁሮ።
«ቤቱ ማሽን ያለው፣ ደጁ መኪና አቁሞ፣
እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል ደግሞ?»
ዝም አለ።
ከዚያ እርሳሱን ተቀበለኝና ራሱ ጻፈው።

በማግስቱ ሄድን። ወይ መልኩ!
ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ቧንቧው አዲስ መዳብ፣
ባለቤቷ ወይዘሮ ኮዋልቹክ ብስኩት ይዛ ቀረበች፣
የሦስት ወር ኪራይም በነጻ መረቀች።
ሂሳቡ አለፈ። ቧንቧውማ በእልልታ።
እኔ ግን ወጥቼ ከአውቶቡስ ማውረጃው
እስከ በሩ ድረስ በእግሬ ለካሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ጆሮዬ የኔ መሆኑን ረሳሁ።

አስናቀ ደረሰኙን ከኪሱ አወጣ፣
እርሳሱም ተከትሎ መጣ።
«‹በእግሯ› የሚለውን ‹በታክሲም ቢሆን› ብንለው?»
አለኝ በሹክሹክታ፣ ሴትዮዋ እንዳትሰማ፣
በአማርኛ ማውራቱን ረስቶት።
ልዋሽ? የኔም ልብ ላጲስ ይዞ ነበር።
ማን ያያል? ቁናው የኛ፣ እህሉ የኛ፣
ታቹን በአውራ ጣት ገፋ ነው፣ ሌላ ምን አለው፤
በገበያ ስንቱ እጅ ሲያደርገው አይቻለሁ።

ተረት አልተረትኩበትም፣ ተረት ይሰለቸዋል።
«ትናንት ማታ ከዛሬ ይልቅ ብልሆች ነበርን፣
ብስኩት አልበላንማ» አልኩት።
አልፈረምንም።

አሁን አንዱ ተከራይቶ የውሻ ማጠቢያ አድርጎታል፤
ቀጠሮ ሞልቷል ይላሉ፣ መኪናው በሩ ላይ ይሰለፋል።
አስናቀ በዚያ ባለፈ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል፣
ያያል፣ አይናገርም።
ተሳስተን ይሆን? እኔም አላውቅ፤
መስፈርት ነቢይ አይደለም፤
ቁናው ልክ እንደሆነ ይነግርሻል እንጂ
ዳቦው ይጥም እንደሆን አያውቅም።

ደረሰኙን በዚያ በሞተ ማድረቂያ በር ለጥፈነዋል፤
እንፋሎቱ እርሳሱን እየበላው ደብዝዟል።
ትናንት ጠዋት ስገባ ግን አየሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣
አስናቀ በእስክሪብቶ ሄዶበታል፣ ፊደል በፊደል፤
«በእግሯ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ።